ስለ ባለቤቴ ጣቶች ሂና

ለተከበሩ የሕክምና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
ነገሌ ቦረና

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ደጃፍዎ አዲስ ቀለም የደመቀ፣ ትንፋሽዎም ያልተቋረጠ ይሁን እያልኩ በአክብሮት እጅ እነሳለሁ። በዚህች ከተማ አማርኛ ሳስተምር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ባለቤቴ የዓለምወርቅ ጨጓራዋን በካሜራ ልትታይ በእግሯ ወደ እናንተ መጥታ ነበር። ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የሚያስተኛውን መድኃኒት ስለማትቆጥቡ አመሰግናለሁ። ከምርመራው ወጥታ ማገገሚያው ክፍል ስትገባ እንደተኛችው ያለ እንቅልፍ በትዳራችን ዘመን አላየሁባትም።

ሁለተኛ፣ ጣቷ ላይ የሰካችሁት የኦክስጅን መለኪያ ቁጥሩ እየወረደ ሲጮህ፣ ነርሳችሁ አብዱባ ጣቶቿን በጥሞና ስለመረመረ አመሰግናለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ሸምሳ ስትዳር አብራት የተቀባችው ሂና ጥፍሯን አጥቁሮት ነበር። «ጋሼ፣ አይስጉ፤ ሂናው ነው። ሠርግ በበዛ ሰሞን የእናቶች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያሳየው» ብሎ መለኪያውን ነቀለው። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጸጥታ የምወድ ሰው ነኝ።

ሦስተኛ፣ ከንፈሯ መጥቆሩን ባመለክት እንቅልፏን እንዳልረብሽ በትሕትና ስለተመከርኩ፣ በራስጌዋ የቆመው የኦክስጅን ሲሊንደርም ማዕከላችሁ በተመረቀ ዕለት የለበሰው የጥልፍ ልብስ ሳይወልቅ ንጽሕናው ስለተጠበቀ አመሰግናለሁ። ዱሮ ሐኪም ቤታችን አንድ ክፍል ብቻ በነበረ ጊዜ፣ ቁስል አጣቢው ድሬሰር መዳፉን ከበሽተኛው አፍንጫ ሥር አኑሮ ትንፋሹን ይጠብቅ ነበር። ኋላ ቀርነት ነውና ይመለስ አልልም።

አራተኛ የለኝም። ዶክተሩ ሲጠራ እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

በቀብሯ ማግሥት በበራችሁ ላይ «ሂና ተቀብቶ መምጣት ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጥፋችኋል። ጽሕፈቱ ያማረ ነው፤ ስሕተትም አላገኘሁበትም። ሆኖም ወደ ገበያ ሳልፍ ሁልጊዜ ስለማነበው፣ ጥፋቱም የእሷ ነው የሚል ስለሚመስለኝ፣ ታወርዱልኝ ዘንድ በትሕትና እለምናለሁ። ሌላ የምለምነው የለኝም።

በሰፊው ትዕግሥትዎ ጥላ ሥር አርፎ፣ እስኪታዘዝ ድረስ መተንፈሱን የሚቀጥለው፣
ሥዩም ወልደጻድቅ፣ ጡረተኛ መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ መለኪያው ጆሮ ላይም እንደሚደረግ በራስጌዋ የነበረው ካርቶኑ በሥዕል ያሳያል። ጆሮዋ ሂና አልነካውም፤ ጌጥ ይውለቅ ብላችሁ ስላዘዛችሁም ባዶውን ነበር። ጉትቻዎቿ እስካሁን ኪሴ ውስጥ ናቸው።