በባቡር ያልተሄደ መንገድ፦ የአቶ ግዛው ባልቻ የሕይወት ታሪክ

አቶ ግዛው ባልቻ ከአባታቸው ከአቶ ባልቻ ደግፌና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሻረግ በላቸው በ1944 ዓ.ም. ተወልደው በወንጂ ስኳር ፋብሪካ መንደር አደጉ። ወንጂ ሰው ሁሉ በብስክሌት የሚሄድበት አገር ነውና፣ እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው አቶ ተሻገር በአንዲት ብስክሌት ተራ እየጠበቁ ነው ያደጉት። እሳቸው ይነዱ ነበር፤ ስትበላሽ የሚጠግኗት አቶ ተሻገር ነበሩ።

ትምህርታቸውን በወንጂና በናዝሬት ተከታትለው በሾፌርነት ከሠሩ በኋላ በ1980 ዓ.ም. ወደ ጄኔቭ መጡ፤ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅትም እስከ ጡረታቸው አገልግለዋል። በ1984 ዓ.ም. ከወይዘሮ ጸሐይነሽ ጋር ተጋብተው ልጃቸውን ማክዳን ወለዱ። ወንድማቸውን ወደ ስዊዘርላንድ ያስመጡትም እሳቸው ናቸው። አቶ ተሻገር ዙሪክ ገብተው በብስክሌት ጥገና ሥራ ተሠማሩ።

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ በመጣው ፋሲካ ሁለቱ ዙሪክ ላይ በአንድ ማዕድ እንደተቀመጡ ስለ አገር ጉዳይ ተጣሉ። ማን ምን እንዳለ ዛሬ ማንሳት ለማንም አይበጅም። አቶ ግዛው ባቡር ጣቢያው ላይ ቆመው «ሚካኤልን! ሁለተኛ በዚህ ባቡር አንተ ቤት አልመጣም» ብለው ማሉ። አቶ ተሻገርም «አትምጣ» አሏቸው።

በ2006 ዓ.ም. ወይዘሮ የሻረግ ሲያርፉ፣ ለአንዲት እናት አንዱ ልጅ ጄኔቭ አጠገብ ላንሲ በሚገኘው ቤቱ፣ ሌላው ዙሪክ ለቅሶ ተቀመጡ። አቶ ግዛው ከዚያ ወዲህ ሰው አልሆኑም። የንስሐ አባታቸው መሐላውን ልፍታልዎ ቢሏቸው እምቢ አሉ። ማክዳ «አባዬ፣ በመኪና ልውሰድህ» ብትላቸውም እምቢ አሉ። «የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው የሚሄደው። እኔም በጉልበቴ እየረገጥሁ ነው የምሄደው» ይሉ ነበር። በቀብር ላይ ሟችን መንቀፍ ነውር ነው፤ ግትር ነበሩ ብንል ግን የሚያስተባብለን የለም።

እስከ ዙሪክ የሚያደርሳቸውን ብስክሌትም ራሳቸው መገጣጠም ጀመሩ። የማርሽ መቀየሪያውን ለአስፋልት ብስክሌት የተሠራውን፣ ካቴናውን ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚያዛውረውን የኋላውን ዕቃ ደግሞ ለዳገት ብለው ለተራራ ብስክሌት የተሠራውን ገዙ። ሁለቱም ባለ ዐሥር ማርሽ ናቸው። ጄኔቭ፣ ፓኪ ሰፈር ያለው የብስክሌት ዕቃ ባለሱቅ አብረው አይሠሩም ቢላቸው «ዐሥርና ዐሥርን ምን ያጣላቸዋል?» አሉት። ሰውየው ግን እውነቱን ነበር። መቀየሪያው ሽቦውን የሚስብበት ልክና የኋላው ዕቃ የሚፈልገው ልክ ለየቅል ነው። ወደ ዙሪክ ሲነሡ ከሎዛን በላይ ባለው ዳገት ካቴናው ዘለለና ጣላቸው። ጉልበታቸው ተጎድቶ እንኳ በዚያ ባቡር አልመለስም ብለው፣ በአንዲት ማርሽ እያዘገሙ ጄኔቭ ገቡ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ሽቦውን ያጠብቃሉ፣ ያላላሉ፣ ይወጣሉ፣ ይመለሳሉ። የብልሽቱን መላ የሚያውቀው ሰው ዙሪክ ነበረ። እሳቸው አልደወሉም፤ ወንድማቸውም አልደወሉም።

በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2010 ዓ.ም. በተወለዱ በ66 ዓመታቸው ዐረፉ። «የምሄደው እኔ ነኝ» እያሉ ለወንድማቸው እንዳይነገር ስለከለከሉ፣ አቶ ተሻገር የደረሱት ለአስከሬን ነው። ምድር ቤት ወርደው ብስክሌቱን ሲያዩ ወዲያው ገባቸው። «የኋላው ዕቃ የድሮው ባለ ዘጠኝ ማርሽ ቢሆንለት ይሠራ ነበር» አሉ። «ምነው ወንድሜ፣ አንድ ስልክ!» ብለው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ቀብራቸው ዙሪክ እንዲሆን የለመኑት አቶ ተሻገር ናቸው። ትናንት የአስከሬን መኪናው ያንን የሎዛንን ዳገት አልፎ፣ በፍሪቡርና በበርን በኩል አድርጎ ወደ ወንድማቸው ከተማ አመጣቸው። መሐላቸው አልፈረሰም፤ በባቡር አልመጡም።

አቶ ግዛው ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና ከመቃብሩ ራስጌ የቆሙትን አንድ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ደክሞ የመጣውን «አትምጣ» የማይል አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል።