ራስን ስለ መግዛት፣ ከማሴሩ ከተማ ካዚኖ

ለታላቅ ወንድሜ ለሞሃፒ፤ የማዕድኑ ጉድጓድ እንዴት ይዞሃል? እኔ ታናሽህ ሴቻባ በጣም ደህና ነኝ።

ብላክጃክ የሚሉትን፣ ከሃያ አንድ ያለፈ የሚበላበትን የካርታ ቁማር ከጀመርኩ ወዲህ ጨዋ ሰው ሆኛለሁ። ሳሸንፍ ብቻ ሳይሆን፣ ስሸነፍም ፈገግ እላለሁ። ሕጌ ጽኑ ነው፤ በሳምንት ከአንዲት ጊደር ዋጋ አላልፍም። አረንጓዴው ጠረጴዛ ጉም የተኛበት መስክ ይመስለኛል፤ ካርታዎቹ እንደ ነጫጭ ወፎች ያርፉበታል። ካርታ አዳይዋ ፑሌንግ፣ «አባባ፣ አሥራ ስድስት ይዘው ይጨምራሉ?» አለችኝ።

«ልጄ፣ በጎ ለሚያስብ ሰው አምስት ይመጣለታል» አልኳት።

ዘጠኝ መጣ። አመስግኜያት ተነሣሁ።

ለልጅህ ጥሎሽ አደራ የሰጠኸኝ ከብቶች ግጦሽ ዘንድሮ ለምልሟል፤ ሣሩ የሚግጠው ጠፍቶ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ሰርጉን ለከርሞ ብታደርጉትስ? ፍቅር ሲቆይ ይበስላል።

እግዜር በጤና ያቆይህ፤ ከተቻለም እዚያው ያቆይህ።

ታናሽህ ሴቻባ