የሀሌታ መርዶ

ለተከበሩ አክስቴ፣ ለእትዬ ደመቀች፤

እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎ ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያስቸግርዎታል? የደብረ ብርሃን ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? ጋሼ ዘውገ መነጽራቸውን ማድረግ ጀመሩ ወይስ አሁንም ኪሳቸው ውስጥ ነው? እምነትስ ፈተናው እንዴት ሆነላት? እኛ ደኅና ነን ብዬ ልቀጥል ነበር። ነገር ግን በዚህ ደብዳቤ ውሸት ላልጽፍ ለራሴ ቃል ስለገባሁ፣ ደኅና አይደለንም። አባዬ ኦቨርታይም ካገኘ እንቢ አይልም፤ ቤት መቀመጥ አይፈልግም። እማዬ የወንድሜን የኤዛናን ክፍል ቆልፋ ቁልፉን አንገቷ ላይ ካንጠለጠለች አምስት ወር ሆነ።

በስልክ ያልነገርኩዎት ስልኩ ሁልጊዜ ስፒከር ላይ ስለሆነና ሁሉም ስለሚሰማ ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ አገር ቤት ለሚሄዱት ለአቶ ዋለልኝ አስይዤ ልኬዋለሁ። አባዬ አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት የፈረንሳይኛ አስተማሪያችን አንድ የፈረንሳይ ፊልም አሳየችን። አባታቸው ባሕር ውስጥ ስለሰጠመባቸው ሦስት ልጆች ነው። ትልልቆቹ ሩቅ ወደብ ሄዷል፣ በጸደይ ይመለሳል ይሏቸዋል። ካሜራው ከልጆቹ ቁመት ከፍ ስለማይል የትልልቆቹ ፊት ብዙም አይታይም፤ የሚታየው እግራቸው፣ ሽርጣቸውና እጃቸው ነው። አንድ ቀን ጎረቤታቸው የአባታቸውን ቦት ጫማ አድርጎ ይገባል። ትንሹ ልጅ ጫማውን አይቶ ሾርባውን መጠጣት ይቀጥላል። ክፍል ውስጥ ያሉት ልጆች ፊልሙ ተንቀረፈፈብን ብለው ያዛጉ ነበር። እኔ ተነሥቼ መውጣት ነበር ያማረኝ። በኋላ አስተማሪዋ የተሰማችሁን በፈረንሳይኛ ጻፉ አለች። እኔ በፈረንሳይኛ መጻፍ የምችለው ደስታንና ረሃብን ብቻ ነው። ባዶ ወረቀት ሰጥቼ ዜሮ አገኘሁ።

የተናደድኩት ግን በእሷ አይደለም። ኤዛና በመኪና አደጋ የሞተ ዕለት ትንሿን እህቴን ሀሌታን ሰመርሊን ሰፈር እነ ወይዘሮ አስካል ቤት ወሰዷት። አሥር ቀን ቆይታ ስትመለስ ለቅሶ ደራሹ ተበትኖ ነበር። እርስዎም በስልክ የሰባት ዓመት ልጅ ይህን አትችልም፣ ለትምህርት እኔ ጋ መጥቷል በሏት፣ ስታድግ ትሰማለች አሉ። አባዬን ያሳደጉት እርስዎ ስለሆኑ ከቃልዎ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ስትደውል አሁን ወጣ አለ ይሏታል። አንዴ ቤተ ክርስቲያን፣ አንዴ ገበያ፣ አንዴ ፀጉሩን ሊስተካከል። ለእሱ ሥዕል ስላ ለአባዬ ትሰጠዋለች፤ አባዬም ፖስታ ቤት ሰጠሁልሽ ይላታል።

ባለፈው እሑድ ፀጉሩን ሊስተካከል ሄዷል ያሏት ለሦስተኛ ጊዜ ነበር። ስልኩን ዘጋችና፣ ‹‹ሊውል፣ እስካሁን መላጣ ሆኗል ማለት ነው›› አለችኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። ከዚያም፣ ከገና በፊት የገዛነውን ዕቃ ከመኪናው ትራንክ ስታወርድ ሥዕሎቿን በሙሉ ትርፍ ጎማው ሥር እንዳገኘቻቸው ነገረችኝ። ይህን ሁሉ ሳምንት እያወቀች ነው የምትደውልልዎት። ታዲያ መሳሉን ለምን አልተውሽም ስላት፣ አባዬ ፈገግ የሚለው ሥዕል ስሰጠው ብቻ ነው አለች። ቀጥላም፣ ‹‹እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል። እኔ መቼ ነው የማለቅሰው?›› አለችኝ።

እኔም እኮ አምስት ወር አብሬ ዋሽቻለሁ። አባዬን እንንገራት ስለው፣ እትዬ ሳትፈቅድ አይሆንም ብሎ ጫማውን አጥልቆ ወደ ሺፍቱ ሄደ።

እትዬ፣ አያቴ ሲያርፉ ገና አገር ቤት ነበርን። ጎህ ሳይቀድ እርስዎ ሽማግሌዎች ይዘው መጥተው በራችንን አንኳኩ። አባዬ መርዶውን ብቻውን እንዳይሰማ ብለው ነው። ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ከሀሌታ አንስ ነበር። ሰዎቹ ልጁን አስወጡት ሲሉ እርስዎ እንቢ ብለው ጭንዎ ላይ አስቀመጡኝና አብረን አለቀስን። ለሀሌታስ ይህን ለምን ከለከሏት?

ደብዳቤው በደረሰዎት በመጀመሪያው እሑድ፣ እዚህ ሲነጋ እርስዎ ቀድመው ይደውሉ። እማዬና አባዬ ቤት እንዲሆኑ አደርጋለሁ። ወይዘሮ አስካልንም እጠራለሁ፤ ሰው ይኑር። ሀሌታ ኤዛናስ ብላ ስትጠይቅዎት ወጣ ብሏል አይበሏት። እንቢ ካሉ እኔ እነግራታለሁ፤ ግን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አላውቅም። የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ደፍሬ ከሆነ ይቅር ይበሉኝ፤ የጻፍኩትን ግን አልሰርዝም።

ጋሼ ዘውገን ጉልበታቸውን ስሜያለሁ፤ መነጽራቸውን አድርገው ይህን እንዲያነቡልዎት አደራ ይበሉልኝ። እምነትን በርቺ ይበሉልኝ።

ሀሌታ አንድ ሥዕል ልካለች። ከሥዕሎቿ እዚያ የሚደርሰው ይህ የመጀመሪያው ነው። ለኤዛና ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋት። አይደለም፣ ለእትዬ ነው አለችኝ።

የወንድምዎ ልጅ ሊውል
ሲልቬራዶ ራንች፣ ላስ ቬጋስ
የካቲት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.