በሰው ሁለት ብር ስለሚረገጠው ምንጣፍ

ለተከበሩ የከተማችን የመዝናኛ ዋጋ ተመን ኮሚቴ ሊቀመንበር፣
ጋምቤላ

በቅድሚያ ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ የቢሮዎ ማራገቢያም በዚህ ሙቀት እንዳይከዳዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ነጅሚያ አብራር፣ ኒውላንድ ሰፈር ውስጥ የቴሌቪዥን ጨዋታ የሚጫወቱበት ጌም ቤት ያለኝ ነጋዴ ነኝ። ክልላችን ራሱን ማስተዳደር በጀመረ ማግስት፣ ከመንገዱና ከውሃው አስቀድመው የእኔን ምንጣፍ ስላዩልኝ ክብር ተሰምቶኛል።

ቤቴ ውስጥ ጆይስቲክ ብቻ በነበረ ጊዜ ደንበኞቼ ጎረምሶች ነበሩ፤ እናቶች በሩን አይተው ያልፉ ነበር። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ሁለት ዕቃ አስመጣሁ፦ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚበሩ ዳክዬዎች የሚመቱበት የፕላስቲክ ሽጉጥ፣ እና ሲረግጡት በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሯጭ የሚሮጥበት፣ ሲዘሉበት መሰናክል የሚያልፍበት ምንጣፍ። ዋጋው ለአንድ ቤተሰብ፣ ስንትም ሆነው ቢመጡ፣ ሃምሳ ሳንቲም ነበር። በሁለተኛው ሳምንት አያቶች ተሰልፈው ዳክዬ ይመቱ ጀመር።

ከመጡት አንዷ ሆስፒታል ልብስ ያጥቡ የነበሩት እማማ ዶርቃ ናቸው። በሽታ ግራ ጎናቸውን መትቷቸው እግራቸው ይጎተት ነበር። ልጃቸው አኬሎ ደግፋ ምንጣፉ ላይ አቆመቻቸው። ሯጩ አንድ እርምጃ ሲሄድ፣ «እኔ ነኝ ያስኬድኩት?» ብለው ጠየቁ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልቀሩም፤ እግራቸውም ቀስ በቀስ ከመሬት መነሣት ጀመረ።

ኮሚቴዎ የደረሰው ይኼኔ ነው። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ. ቤተሰቦችን ለማበረታታት ዋጋውን በነፍስ ወከፍ ሁለት ብር ስላደረጉልን። ስድስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ አሁን በአሥራ ሁለት ብር ይበረታታል።

2ኛ. ምንጣፉን በሜትር አስለክተው፣ ቆሞ የሚዘል ሰው ተቀምጦ ከሚጫወተው የበለጠ ወለል እንደሚጠቀም በቃለ ጉባኤ ስላሰፈሩ። እኛ ነጋዴዎች ይህን ሳናውቅ ስንት ዘመን ኖረናል።

3ኛ. ሽጉጡ የጦር መሣሪያ አለመሆኑ እስኪጣራ ይኸው ሦስት ሳምንት በቢሮዎ ስላቆዩት። በከተማው እስካሁን የተጎዳ ዳክዬ የለም።

ቤተሰቦቹ ቀሩ። እማማ ዶርቃ በሩ ላይ ቆመው ታሪፉን አስነበቡኝ። በነፃ ይግቡ ብላቸው፣ «ያልከፈልኩበትን አልረግጥም» ብለው ተመለሱ። ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ሳያቸው እግራቸው እንደገና መሬት ይጠርጋል። ያን ዕለት ተናድጄ ውሳኔዎን በጥሞና አነበብኩት። የሚለው «ከቴሌቪዥን ጋር የተያያዘ ምንጣፍ» ነው። ገመዱን ነቀልኩና ምንጣፉን ደጄ ካለው ማንጎ ሥር ዘረጋሁት፤ ለጥላ ገና ታሪፍ አላወጡምና።

እማማ ሃምሳ ሳንቲማቸውን ከፍለው ወጡበት። ሯጩ ስለሌለ አኬሎ ፊት ለፊታቸው ቆማ፣ «እማ፣ መሰናክል መጣ» ትላለች፤ ቀኝ እግራቸው ይዘላል፣ ግራው ቆይቶ ይከተላል። ጎረቤቶችም ተራ መያዝ ጀመሩ። ባለፈው ማክሰኞ ሁለቱም እግሮቻቸው እኩል ከምንጣፉ ተነሡ። እሳቸውም ደገሙት። እኔ ወደ ቤት ገብቼ ጥቂት ተቀመጥኩ።

እንግዲህ የቤተሰቡ ዋጋ ወደ ነበረበት እንዲመለስ፣ ሽጉጡም ምርመራውን በሰላም ጨርሶ እንዲለቀቅልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ለሜትርዎም ለማኅተምዎም ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁ፣
ለመመሪያዎ ታዛዥ፣ ለንባቡም ጥንቁቅ የሆንኩ፣
ነጅሚያ አብራር

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ ዕለት ባለቤትዎ አራት ልጆችዎን ይዘው መጥተው ነበር። የቤት ውስጡ የቴሌቪዥን ጨዋታ ለአምስት ሰው አሥር ብር መሆኑን ስነግራቸው ከታሪፉ ግርጌ ያለውን ፊርማ አይተው፣ «ይህን የጻፈው ሰው ልጆቹን ይዞ የትም ሄዶ አያውቅም» አሉኝ። ባለቤታቸው መሆንዎን እንዳወቅሁ አልነገርኳቸውም።