ያሰረ አይፈትሽም

ሐሙስ፣ ጥቅምት 9

ለወንድሜ፣ ተቆጥቼም ለምወድህ፣

ደህና ነህ ወይ አልልህም፤ ደህንነትህን እማ በየሳምንቱ ትነግረኛለች። እኛም አለን። የእማ ጉልበት ብሶበታል። የአባን ካፖርት ከበሩ ጀርባ ካለው ሚስማር ላይ ማንም እንዲያወርደው አትፈቅድም። የአባ የጀልባ ጋራዥ እንደተዘጋ ነው። አጎታችን ሊሸጠው ገዢ ይዞ መጥቶ፣ እኔ ቆሜ እየሰማሁ፣ "ሴት ልጅ ጀልባ ስታስር ውጤቱን አየነው" አለው።

"ጆሮ አለኝ እኮ ጋሼ!" አልኩት።

"ጆሮማ አለሽ፤ እጅ ነው የሌለሽ" አለኝ።

ይህን ችያለሁ። ያልቻልኩት ያንተን ነው። ባለፈው እሁድ እማ ስልኩን ዘግታ፣ ፊቷ በርቶ፣ "ወንድምሽ ይቅር ብሎሻል፤ ንገሪያት ብሎኛል" አለችኝ። ዳቦ እየቆረስኩ ነበር። ቢላዋውን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩት።

ይቅር ብሎሻል!

እስቲ ያን ጠዋት አስታውስ። የደንበኛችንን የጥርስ ሐኪሙን ጀልባ ወደ ሐይቁ ልንወስድ ነው። ተሳቢው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ነዳጁን ቀድቼ አወጣሁ፣ ሞተሩን ወደ ላይ አንስቼ ቆለፍኩ፣ የፊቱን መንጠቆ አጠበቅሁ፣ ሸራውን አልብሼ የኋላዎቹን ማሰሪያዎች በላዩ ላይ ወጠርኩ። ከዚያ መሪው ላይ ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱም የአባን ሕግ ታውቀዋለህ፦ "ያሰረ አይፈትሽም፤ የገዛ እጁን ያምናላ!" መፈተሹ ያንተ ተራ ነበር።

"ጨረስክ?" ብዬ ጮህኩ።

"ተፈትሿል! ንጂው፣ ኢንጂነሯ!" አልከኝ።

ከግቢው ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር አባ ከኋላችን በሩን እየዘጋ ነበር። ሸክሙ ሁሉ በፊተኛው መንጠቆ ላይ ወደቀ፤ መንጠቆው ተገነጠለ፤ ጀልባው ወደ ኋላ ተንሸራቶ አባን ከበሩ ጋር አጣበቀው። የኋላዎቹ ማሰሪያዎች አልተበጠሱም። ተፈትተው ነበር። ሳስር መጋዘን ውስጥ የነበሩት የዋና ጃኬቶች መንገዱ ላይ ተበትነው አገኘኋቸው። ረስተሃቸው ኖሮ፣ ሸራውን ገልጠህ ልትወረውራቸው የኔን ማሰሪያ ፈታህ፤ መልሰህ ሳታስር "ተፈትሿል" አልክ።

ሆስፒታል ውስጥ አባ ዓይኑን ገልጦ፣ "ማን ነበር የፈተሸው?" አለኝ። ለደንበኞቹ ሁሉ ስላንተ "ልጄ የፈተሸውን ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ" ሲል የኖረ ሰው ነው። እንዴት አድርጌ ልንገረው?

"እኔው ነኝ፣ አባ። አስሬ ራሴው ፈተሽኩት።"

"ነግሬሽ ነበር እኮ" አለኝ። ከዚያ በኋላ አላናገረኝም። ማንንም አላናገረም።

እማ ከአልጋው አጠገብ ሆና ሰማች። አንተም በሩ ላይ ቆመህ ሰማህ። አየሁህ። ጫማህን እያየህ ነበር።

ያን ቃል የሰጠሁት ለአባ ነው። ላንተ አልሰጠሁህም። አንተ ግን አንስተህ እንደ ካፖርት ለበስከው፤ ባሕር ተሻግረህም በዚያ ላይ ይቅርታ ትልክልኛለህ። ይቅርታህን መልሼልሃለሁ።

እሁድ እማ ስትደውልልህ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አልናገርም፤ እሰማለሁ። እስከዛሬ እውነቱን አልነገርኳትም፤ ባሏን ያጣች እናት ወንድ ልጇንም እንድታጣ አልፈለግሁም። አንተ ራስህ ብትነግራት ግን ያው ልጇ እንደሆንክ ትኖራለህ።

ሰኞ ጋራዡን እከፍታለሁ። አጎታችን ገዢውን ይዞ ይሂድ። ጎረቤታችን ቆርቆሮ ሠሪው ሊፈትሽልኝ ተስማምቷል። ስለ ጀልባ የሚያውቀው ነገር የለም፤ ግን ማሰሪያ ሲሰጡት እስኪያልበው ይጎትታል።

ያለህበት መሬት ይመችህ። እጅህ የያዘው ሁሉ ይጥበቅልህ። ብርድ እንዳይመታህ፤ ደረትህ ደካማ ነው።

ይህን ደብዳቤ እኔ ጻፍኩት፤ እኔው አልፈትሸውም። ስህተት ካገኘህበት፣ እሁድ ለእማ ንገራት።

እህትህ፣
ኢንጂነሯ