የረቡዕ ማካሮኒ

ውድ ታዴ፣

እንደምነህ ብዬ ልጀምር አሰብኩና ሳቄ መጣ። አንተ ያለህበት ምን ጎደለ ብዬ ነው የምጠይቅህ? እኛ ደህና ነን። ከተለየኸን ሁለት ዓመት አልፎ ሦስተኛውን ይዘናል። እንባዬ ወረቀቱን አራሰው እንድልህ ጠብቀህ ከሆነ ወረቀቱ ደረቅ ነው። ማልቀሱን በጊዜው አልቅሼዋለሁ። አሁን የምጽፍልህ ደስ የሚል ወሬ ስላለኝ ነው፤ ወሬ ይዤ መቀመጥ እንደማልችል ደግሞ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። የጭነት መኪናህ ተሸጧል። የገዛው የሞጆ ሰው ነው፤ አንዳንዴ በእኛ በኩል ሲያልፍ ጥሩንባውን ያሰማና እናትህ ቀና ይላሉ፤ ከዚያ መልሰው ሥራቸውን ይይዛሉ። ልጃችን ሊዲያ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመቷ ነው። ስትደውል ከሰላምታ በፊት ምን በላችሁ ነው የምትለው፤ በዚህ አንተን ወጥታለች። እኔ ከበሩ ጎን ትንሽ ሱቅ ከፍቻለሁ፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ። ከገዢው ይልቅ ለወሬ የሚቆመው ይበዛል፤ እሱም አልከፋኝም። ፓፓያው ደርቆ ቆረጥነው። አዳማ እንደተውካት ናት፤ ሙቀቱም አቧራውም የትም አልሄዱም፤ ባጃጁ ብቻ እንደ ጉንዳን በዝቷል።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልምጣ።

ከጅቡቲ ስትመለስ ይዘኸው የምትመጣው የቆርቆሮ አይብ ትዝ ይልሃል? ያ ቢጫው። ቅዳሜ ገብተህ እስኪበቃህ ትተኛና እሁድ እኔ ከጸሎት ቤት፣ እናትህ ከቅዳሴ ስንመለስ አንተ በሽርጥ ሆነህ ኩሽናውን ዘግተኸዋል። ማንም አይገባም። ማካሮኒው ይቀቀላል፤ የተፈጨው ሥጋ በሽንኩርትና በቲማቲም ይበስላል፤ በወተትና በዱቄት የሚሠራው ነጩ ስጎ ይፈስበታል፤ ከላይ አይቡን ፈቅፍቀህ ኦቨን ትከተዋለህ። ሲወጣ ላዩ ቀላ ብሎ ቡልቅ ቡልቅ ይላል። በጭልፋ ስታነሳው አይቡ እየተሳበ ይመጣል፤ ሊዲያ ወንበር ላይ ቆማ ክሩ የት ድረስ እንደሚሄድ ታያለች። እናትህ ከዳር ተቀምጠው የጣሊያን ትል ይሉታል። እንጀራ ባለበት ቤት ትል የሚቀቅል ወንድ ወለድኩ ይላሉ። ከዚያ ሁላችንም ስንነሳ ትሪውን ወደ ጓዳ ይወስዱና ዳር ዳሩን፣ አይቡ ተቃጥሎ የተጣበቀበትን፣ በማንኪያ ይፍቃሉ። አንተም ታይ ነበር፣ እኔም አይ ነበር። ማናችንም ቃል አልተነፈስንም።

አንተ ከሄድክ በኋላ ማካሮኒ በዚህ ቤት አልተሠራም። የተከለከለ ነገር ሆኖ አይደለም። የሚያመጣው ሰው ስለሌለ አይቡም የለም። ኦቨኑን ጨርቅ አልብሼ ሰሃን ደረደርኩበት።

ባለፈው ክረምት የእናትህ የቀሩት ጥርሶች ተነቀሉ። ሰው ሠራሽ ተሠራላቸው፤ ድዳቸውን አቆሰለውና ብርጭቆ ውስጥ አስቀመጡት፤ እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ከዚያ መብላት ተዉ። ፍትፍቱን አርሼ ባቀርብም አንድ ሁለት ጉርሻ ወስደው ሰሃኑን ይገፉታል። ወንድምህ ብርሃኑ ለሁለተኛው ዓመትህ ዝክር ከዓለም ጤና፣ ከሽንኩርት እርሻው መጣና የእጃቸውን አንጓ አየ። ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ታውቀው የለ፣ ጨዋ ነው። እትዬ አስቴር፣ አንቺ ደክመሻል፣ ሽንኩርቱን ልንቀልና መጥቼ እወስዳቸዋለሁ አለኝ።

እኔ ምን ልበል? በእናንተ ወግ ልጇ የሞተባት እናት በቀረው ልጇ ቤት ነው የምትጦረው። ምራት ተነስታ እኔ ዘንድ ይቆዩልኝ ብትል፣ ያንን ልጅ አንተ እናትህን መጦር አትችልም እንዳለችው ይቆጠራል። ብርሃኑን እንደዚያ ማዋረድ አልችልም። መናገር ያለባቸው እናትህ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ አዎም አላሉ፣ አይሆንምም አላሉ። ልብሳቸውን አጥበው፣ አጣጥፈው፣ በነጠላ ቋጥረው አልጋቸው ሥር አስቀመጡ።

እንዲሄዱብኝ አልፈለግኩም። ብቻዬን መሆን ፈርቼ እንዳይመስልህ፤ ሱቅ ያላት ሴት ብቻዋን አትሆንም። ነገሩ ወዲህ ነው። ስለ አንተ ሳወራ፣ አይ፣ እንደዚያ አልነበረም የሚለኝ ሰው እናትህ ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ ነፍሱን ይማረው ብሎ ያልፋል። ሊዲያም እኔ ያልኳትን ትቀበላለች። እሳቸው ከሄዱ አንተ እኔ የምለውን ያህል ብቻ ሆነህ ልትቀር ነው፤ ያ ደግሞ ያንስሃል። ስለዚህ የቀረኝ መንገድ አንድ ነበር፤ እንዲበሉ ማድረግ። ከበሉ ብርሃኑም ምክንያት አይኖረውም ብዬ።

አንድ ቀን ሱቅ ደጃፍ አብረን ተቀምጠን፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ያ ታደሰ የሚቀቅለው ትል ለድድ ይመች ነበር አሉ። ሌላ ነገር አልጨመሩም። ለእኔ ግን ከዚያ በላይ ትእዛዝ የለም።

አይብ ከደራ ከተማ ከምትመጣው ሴት ገዛሁ። ያው የእኛው ነጩ አይብ ነው፤ አይብ አይብ ነው ብዬ ማካሮኒው ላይ በትኜ ኦቨን ከተትኩት። ታዴ፣ የእኛ አይብ አይቀልጥም! እሳት ቢበላውም እንደገባ ይወጣል። ፍርፍር ብሎ ደርቆ ወጣ። እናትህ አዩትና በረዶ ወርዶበታል፣ ማሳው አይተርፍም አሉ።

ለሊዲያ ነገርኳት። እሷ ከጓደኞቿ ይሁን ከስልኳ፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ በድምፅ ላከችልኝ። አይቡን በጨርቅ ጭምቅ አድርጎ ውኃውን ማውጣት፤ ለኬክ የምንጠቀምባትን ሶዳ ቆንጠር አድርጎ ማሸት፤ ላብ እስኪያወጣና እስኪያጣብቅ መተው፤ ከዚያ በለስላሳ እሳት ከቅቤና ከትንሽ ወተት ጋር ሳያቋርጡ ማማሰል። እኔ ቆንጠር የሚለውን ማንኪያ ሙሉ አደረግኩት። ቀለጠ፣ አዎ ቀለጠ፤ ግን ሳሙና ሳሙና አለ። እናትህ በምላሳቸው ጫፍ ነክተው፣ ይህን የምንበላው ነው ወይስ ነጠላዬን ላጥብበት አሉኝ። ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። በሦስተኛው ሆነልኝ። ብረት ድስቱ ውስጥ አይቡ ከማማሰያው ጋር ክር ሆኖ ተነሳ። ያንተን ያህል ቢጫ አይደለም፣ ቅቤያችን ስላለበት ሽታውም ይለያል፣ ግን ይሳባል። ኩሽና ውስጥ ብቻዬን ማማሰያውን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ስጫወት ብታየኝ ጉድ ትል ነበር።

ገና ለእናትህ በወጉ ሳላቀርበው ብርሃኑ ደወለ። ሽንኩርት ጭኖ አዳማ የሚመጣ ፒክአፕ አለ፣ ባዶውን ስለሚመለስ ማክሰኞ እናቴን እወስዳለሁ አለ። እሺ አልኩ። ቢያንስ ያንተን ማካሮኒ በልተው ይሂዱ ብዬ አይቡን ጨመቅኩ፣ ሥጋውን አስፈጨሁ፣ ሁሉን አሰናዳሁ። ማክሰኞ ከሰዓት መኪናው አልተጫነም፣ ነገ ነው አለኝ። እኔም የተሰናዳውን ሁሉ ለነገ አዞርኩት።

በማግስቱ ጠዋት መብራት ጠፋ። ተውኩት ብትል ተሳስተሃል። ማካሮኒውን ብረት ድስት ውስጥ ደርድሬ፣ ግቢ አውጥቼ ከታች ፍም፣ ከክዳኑ ላይ ፍም አደረግኩበት። እናትህ በረንዳው ላይ ቋጠሯቸውን ከጎናቸው አድርገው ሙሉ ጠዋት ሲያዩኝ ዋሉ። ሥጋውን ሳማስል አዩ። ቅቤውን ስጨምር አዩ። ቃል አልወጣቸውም። እንደከፋቸው ገምቼ ፍሙን ማራገቤን ቀጠልኩ።

ብርሃኑ ቀትር ካለፈ በኋላ ደረሰ። ሹፌሩ መንገድ ላይ ሞተር ሳያጠፋ ይጠብቀዋል። እጁን ታጥቦ ተቀመጠ። እኔ ድስቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ክዳኑን አነሳሁ፤ አይቡ ገና ይፈላል፤ ጭልፋውን ከትቼ ወደ ላይ ሳብኩት። ብርሃኑ እጁን ሰበሰበ። ጣሪያውን አየ፣ ወለሉን አየ፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረ።

«እትዬ አስቴር፣ የጴንጤ ሳምንት ረቡዕ የለውም እንዴ?»

ጭልፋውን ይዤ እንደቆምኩ ቀረሁ። ረቡዕ! ስንት ዓመት የጾሙን ድስት ለብቻ፣ የፍስኩን ለብቻ ሳደርግ የኖርኩ ሴት። ቀኑ ከማክሰኞ ሲዛወር ድስቱን ብቻ አዛውሬ ጾሙን ረሳሁት። ዘወትር ረቡዕና ዓርብ ገና ሳልነሳ በመጋረጃው በኩል ዛሬ ጾም ነው የሚሉኝ እናትህ ናቸው፤ ያን ቀን አላሉኝም። ዞር ብዬ አየኋቸው። ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

ብርሃኑ በኦሮምኛ አባበላቸው። ድድሽ ታሟል፣ አትበዪም፣ የንስሐ አባትሽም ፈቅደውልሻል፣ ቅመሺ አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እንግዲያው ድስቱን ይዘነው እንሂድ፣ ነገ ዓለም ጤና ትበዪዋለሽ አለ፤ ክዳኑንም መልሶ ገጠመው። እኔ እኮ ደግ ሰው ላይ የምለው አላገኝም። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ብርሃኑ ቋጠሯቸውን ለማንሳት ጎንበስ ሲል እናትህ በእጃቸው ጫን አደረጉት።

«ሃርአ ሮቢ» አሉ። «ቦሩ ናን ኛዻ። አሱማቲ።»

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ነገ እበላዋለሁ፤ እዚሁ። ድምፃቸውም ከፍ አላለም። ብርሃኑ ቋጠሮው ላይ ያለውን እጃቸውን አየ። እኔን አየ። እኔ ጭልፋውን እየጠረግኩ ነበር፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ቀስ ብሎ ቀና አለና ሽሮ እንዳለ ጠየቀኝ። ያወጣሁለትን ሽሮ ቶሎ ቶሎ በልቶ የእናትህን ጉልበት ስሞ ተነሳ። በር ላይ ስሸኘው የመስኖ ውኃ ተራው ደርሷል፣ አዲሱ ሽንኩርት ይጠብቀኛል አለኝ። ቅር እንዳላለው ፊቱ ላይ አየሁ፤ የቀለለውም መሰለኝ።

ሐሙስ መብራት መጣ። በኦቨን አሞቅኩት። እናትህ ሙሉ ሰሃን በሉ፣ ደገሙ፣ ከዚያ እኔ ፊት፣ ሳይደበቁ፣ የድስቱን ዳር በማንኪያ ፋቁ። ከሰዓት ቋጠሮውን ፈትተው ልብሳቸውን ወደ ሳጥኑ መለሱ። ያን ጠዋት ለምን ዝም አሉ ብዬ አልጠየቅኳቸውም። አንተም ብትሆን አትጠይቅም ነበር።

ብርሃኑ ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቷል፤ ሁለቱንም እሁድ፣ ቀኑን አጣርቶ፣ ሽንኩርት በጆንያ ይዞ። በልቶ ይሄዳል። ስለ መውሰድ አያነሳም። የእናትህ እጅ ሥጋ ይዟል፣ ምላሳቸውም እንደዚያው።

ያልተስማማነው አንድ ነገር አለ። እሳቸው ታደሰ ስጎው ላይ ነጭ ሽንኩርት ያደርግ ነበር ይላሉ። እኔ በፍጹም፣ ሽታውን አይወድም እላለሁ። አንቺ ኩሽና ገብተሽ አይተሻል እንዴ ይሉኛል፤ እርስዎስ ገብተዋል ወይ እላቸዋለሁ። ሊዲያ ደግሞ በስልክ ቃሪያ ነበረው ብላ ሦስተኛ ሆነች። ባለፈው እሁድ ማካሮኒው እስኪቀዘቅዝ ተከራከርን።

ታዴ፣ አንተን አልረሳህም ማለት ቀላል ነው፣ ሰው ሁሉ ይለዋል። የእኔ ቃል ይኸውልህ፦ እናትህ ነጭ ሽንኩርት ነበረው ባሉ ቁጥር አልነበረውም እላለሁ፤ እኔ በተሳሳትኩ ቁጥር እሳቸው ያርሙኛል። ሁለታችንም እስካለን ድረስ እንዲህ ነበር ብለን ተስማምተን አንዘጋህም።

ያንተው
አስቴር