የሚቆልፈው የመጥለቂያ ኮምፒውተር

ይድረስ ባሕር ውስጥ ውሎ ለሚያድር ታናሽ ወንድሜ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም አንተን አንተን ከማለት በቀር ምንም አልሆነችም።

«ከውሃ ስወጣ ይሞትብኛል፤ ባትሪው ሳይደክም አይቀርም» ብለህ የላክኸውን፣ ውሃ ውስጥ ጥልቀትና ሰዓት የሚቆጥርልህን የእጅ የመጥለቂያ ኮምፒውተር የምሠራበት ሱቅ ውስጥ ፈታሁት። ባትሪው ደህና ነው። ጠላቂ ወደ ላይ ሲወጣ መንገድ ላይ ቆም ማለት ሲገባው ተጣድፎ ከወጣ፣ ደሙ ውስጥ አረፋ ተፈጥሮ እጅ እግሩን ሊያደነዝዘው ይችላል፤ ስለዚህ ዕቃው ቶሎ ተመልሶ እንዳይጠልቅ ራሱን ቆልፎ አንድ ቀን ሙሉ አልሠራም ይላል። መዝገቡን አየሁት፤ በአንድ ወር አሥራ አንድ ጊዜ ቆልፏል። አለቃችሁ የመርከብ ሆድ ስታጥቡ ያጣድፋችኋል ብለኸኝ ነበር።

አዲስ ምረጪልኝ ስላልክ ሁለት አወዳደርኩ። አንደኛው ርካሽ ነው፤ ምንም ብታደርግ አይቆልፍም። ሁለተኛው እንደ አሮጌው ግትር ነው፤ እንደ እኔ በለው። ግትሩን ልኬልሃለሁ። ማሰሪያው በቀላሉ ይታሰራል፤ ባለፈው ጣቴ ደነዘዘ ብለህ ስልኩን ጓደኛህ ነበር የያዘልህ።

የሱቁ ባለቤት «ያ የማይቆልፈው የት ገባ?» እያለ ይፈልጋል። እኔም አብሬው እፈልጋለሁ፤ መሳቢያዬን ግን አልከፍትለትም።

እማዬ አገላብጣ ስማሃለች። መልሱን ለጓደኛህ እንዳትሰጠው፤ በራስህ እጅ ጻፈው።

እህትህ